ሊጡ ለምን ዘገየ?

በኬሚስትሪ ትምህርት ውስጥ እንደ ቀስት ያለ አሳሳች ምልክት ያለ አይመስለኝም። መምህሩ የሚገናኙትን ነገሮች በስተግራ ይጽፋል፤ ቀስት ይሠራል፤ የሚገኙትን ነገሮች በስተቀኝ ይጽፋል፤ አቶሞቹን ቆጥሮ ያመጣጥናል፤ ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጦ እጁን ያራግፋል። አለቀ። ለመሆኑ ያቺ ቀስት ስንት ጊዜ ፈጀች? አንድ ሴኮንድ? አንድ ሳምንት? ሺህ ዓመት? ሰሌዳው ላይ ሁሉም ቀስት እኩል ነው። የክብሪት መንደድም፣ የምስማር መዛግም፣ የወተት መርጋትም ጣት በምታህል መስመር ይታለፋሉ።

የጊዜው ነገር የሚነሣው ዘግይቶ ነው። የአጸግብሮት ፍጥነት የሚባለው ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ወደ ዓመቱ መጨረሻ ይወድቅና ፈተና ሲቃረብ በሁለት ክፍለ ጊዜ ይጨረሳል። ተማሪው አራት ነገሮችን ይገለብጣል፦ የሙሙት ውፍረት፣ የሙቀት መጠን፣ የገጽ ስፋት፣ ካታሊስት። አራቱንም በቃሉ ይይዛል፤ ከፈተናው በኋላ አራቱንም ይረሳል። በበኩሌ ግን ከዚህ ምዕራፍ ይልቅ ለገጠር ትምህርት ቤት የሚመች ምዕራፍ አላውቅም። ቤተ ሙከራው ማድ ቤት ነዋ!

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ከአንድ ክፍል ኋላ ተቀምጬ እከታተል ነበር። ልምምድ የወጣው ሠልጣኝ ጎበዝ ነው፤ ጽሕፈቱ ያምራል፣ ድምፁ ይሰማል፣ አራቱንም ነገሮች ቁልጭ አድርጎ ጻፈ። አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እናቴ በክረምት ሊጥ ስታቦካ ቶሎ አይደርስላትም፤ እስከ አራት ቀን ትጠብቃለች። በበጋ ግን በሁለተኛው ቀን ትጋግራለች። እሱ ነው ይኼ?» አለች። ሠልጣኙ ፈገግ አለና «እሱ የእንጀራ ነገር ነው፤ እኛ አሁን ኬሚስትሪ ላይ ነን» ብሎ አለፈ። ክፍሉ ሣቀ። ልጅቷ ተቀመጠች፤ እስከ ደወሉ ድረስም እጇን እንደገና አላወጣችም።

ይህን የማነሣው ሠልጣኙን ለማሳጣት አይደለም። በኋላ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ስንነጋገር «ጋሼ፣ መልሱን እርግጠኛ ስላልነበርኩ ነው» አለኝ። ሐቀኛ መልስ ነው። እንዲያውም የልጅቷ ጥያቄ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገርም አይመለስም። ስለዚህ ለእሱም፣ በየክፍሉ ኋላ ወንበር እንዲያ ያለች ልጅ ለምትጠብቃችሁ ለሌሎቻችሁም ከሥሩ ጀምሬ ልሞክረው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍጥነት ስንል ምን ማለታችን ነው? ለመኪና ቢሆን ቀላል ነው፤ ስንት ኪሎ ሜትር በስንት ሰዓት። ለአጸግብሮትም ያው ነው፤ ልዩነቱ የሚቆጠረው ርቀት ሳይሆን የነገሩ መጠን መሆኑ ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት አለቀ? ወይም ስንት ተገኘ? እንበልና በአንድ ሊትር ሙሙት ውስጥ 0.80 ሞል የነበረ ነገር ከ20 ደቂቃ በኋላ 0.40 ሞል ሆኖ ቢገኝ፣ አማካይ ፍጥነቱ በየደቂቃው 0.02 ሞል በሊትር ነው። ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «እንግዲያው በሚቀጥለው 20 ደቂቃ ቀሪው 0.40 ሞል ያልቃላ!» ይላል። ለመኪና ቢሆን ልክ ነበር። አጸግብሮት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ አይሄድም። የሚለወጠው ነገር እያነሰ ሲሄድ ለውጡም ያንሳል። ገበያ ሞቅ ባለ ጊዜ ገዢና ሻጭ በየደቂቃው ይገጣጠማሉ፤ ሲበተን ግን ያው ሻጭ አንድ ገዢ ለማግኘት ግማሽ ቀን ይቀመጣል። ስለዚህ በብዙ አጸግብሮቶች ዘንድ በሁለተኛው 20 ደቂቃ የሚያልቀው ከቀሪው ግማሹ፣ ማለትም 0.20 ሞል ብቻ ነው። ቀጥሎ 0.10፣ ቀጥሎ 0.05።

ይህን ነገር በቁጥር ያሳየው የመጀመሪያው ሰው ሉድቪግ ቪልሄልሚ የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ ዘመኑም 1850። የመረጠው ነገር ስኳር ነበር። የሸንኮራ ስኳር አሲድ ባለበት ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ቀስ በቀስ ወደ ሁለት ቀለል ያሉ ስኳሮች፣ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ፣ ይከፈላል። ስኳር ደግሞ በውስጡ የሚያልፈውን ልዩ ብርሃን የመጠምዘዝ ጠባይ አለው፤ የተከፈለው ስኳር የሚጠመዝዝበት አቅጣጫ ካልተከፈለው ይለያል። ቪልሄልሚ እንግዲህ ሙሙቱን ሳይነካካ፣ ብርሃኑ ምን ያህል እንደተጠመዘዘ ብቻ እያየ፣ በየጊዜው ስንት ስኳር እንደቀረ ማወቅ ቻለ። ያገኘውም ይህ ነው፦ በማንኛውም ቅጽበት ያለው ፍጥነት በዚያ ቅጽበት ከቀረው ስኳር ጋር ተመጣጣኝ ነው። በጊዜው ከቁም ነገር የቆጠረለት ሰው እምብዛም አልነበረም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ኦስትቫልድ ነው አንሥቶ ለዓለም ያሳየለት።

የስኳር ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ይኸው መከፈል በአገዳ እርሻም የሚታወቅ ጣጣ ነው። አገዳ ከተቆረጠ በኋላ ሳይጨመቅ ሲቆይ በውስጡ ያሉ ኤንዛይሞችና የሚገቡበት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ይከፍሉታል፤ የተከፈለው ደግሞ ጠጥሮ ስኳር አይወጣውም። በ1954 የወንጂ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ከእርሻ እስከ መጭመቂያ ያለው ጉዞ ሁሉ ከዚህ ሰዓት ጋር የሚደረግ እሽቅድምድም ነበር።

ግማሹ የሚያልቅበት ጊዜ ሁልጊዜ እኩል ከሆነ ያንን ጊዜ ግማሽ ዕድሜ እንለዋለን። ይህ ሒሳብ ከኬሚስትሪም ውጭ ይሠራል። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላት የታወቀው በአካባቢዋ ከነበረው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 የሚባለው ዓይነት ፖታሲየም በ1.25 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ግማሽ ዕድሜ ይፈራርሳል፤ ከፊሉም ወደ አርጎን ይለወጣል፤ የተጠራቀመውን አርጎን መለካት ሰዓት እንደማየት ነው። እርግጥ ያ የኒውክሌር መፈራረስ እንጂ ኬሚካዊ አጸግብሮት አይደለም፤ በእሳትም በበረዶም ፍጥነቱ አይለወጥም። ለተማሪ ግን ሒሳቡ አንድ መሆኑን መንገር ዓይን ይከፍታል፤ ከአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ቢወስድባችሁ አትሰስቱ።

አሁን አንድ ማስጠንቀቂያ። ብዙ ሠልጣኞች የተመጣጠነውን እኩልታ ብቻ አይተው ፍጥነቱ ከምን ጋር እንደሚመጣጠን ሊወስኑ ይሞክራሉ። አይቻልም። ሃይድሮጅን ከአዮዲን ጋር፣ ሃይድሮጅን ከብሮሚን ጋር ሲዋሐዱ በወረቀት ላይ መንታ ናቸው፤ አንድ ሞለኪዩል ከአንድ ሞለኪዩል ተገናኝቶ ሁለት ሞለኪዩል ይወጣል። ማክስ ቦደንሽታይን የሚባለው ጀርመናዊ በ1890ዎቹ የአዮዲኑን ሲለካ ፍጥነቱ ከሃይድሮጅኑም ከአዮዲኑም ውፍረት ጋር በቀጥታ የሚመጣጠን ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከባልደረባው ከሊንድ ጋር የብሮሚኑን ሲለካ ግን ሕጉ ፍጹም ሌላ ነው፤ የብሮሚኑ ውፍረት በካሬ ሥሩ ይገባል፣ የተገኘው ሃይድሮጅን ብሮማይድ ራሱ ደግሞ ሥራውን ወደ ኋላ ይጎትታል። ለምን ቢባል፣ የብሮሚኑ አጸግብሮት በአንድ እርምጃ አይደለም የሚካሄደው፤ የብሮሚን ሞለኪዩል ተሰንጥቆ፣ አንዱ ቁራጭ ሌላውን እየቀሰቀሰ፣ እንደ ሰንሰለት ነው። እኩልታው የጉዞውን መነሻና መድረሻ ብቻ ይነግረናል፤ በየት በኩል እንደተሄደ አይነግረንም። መንገዱን የሚያሳውቀው ሰዓት ይዞ መለካት ነው።

ወደ ሙቀት ልምጣ፤ የልጅቷ ጥያቄ ያለው እዚያ ነው። «ሙቀት ሲጨምር ሞለኪዩሎች ስለሚፈጥኑ ብዙ ይጋጫሉ፤ ስለዚህ አጸግብሮቱ ይፈጥናል» ተብሎ በየደብተሩ ተጽፏል። ሐሰት አይደለም፤ ግን ዋናውን ነገር ይሸፍነዋል። እስቲ እናስላው። ሙቀቱ ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወጣ፣ በኬልቪን ከ293 ወደ 303 ማለት ነው። የጋዝ ሞለኪዩሎች አማካይ ፍጥነት በኬልቪኑ ካሬ ሥር ስለሚያድግ የሚጨምረው 1.7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በ1.7 በመቶ የሚጨምር ግጭት ሊጡን ምን ያህል ያፋጥነዋል? ምንም አይል! ነገር ግን የተለመዱ አጸግብሮቶች ብዙዎቹ በ10 ዲግሪ ጭማሪ ፍጥነታቸው ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል፤ ከዚያም የሚበልጡ አሉ። መቶ በመቶ በአንድ በኩል፣ 1.7 በመቶ በሌላ በኩል። ይህ ልዩነት ከየት መጣ?

መልሱን በ1889 ያስቀመጠው ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ነው፤ ከእርሱ አምስት ዓመት ቀድሞ ኔዘርላንዳዊው ቫን ት ሆፍ በ1884 ባወጣው መጽሐፍ መንገዱን ጠርጎለት ነበር። (ቫን ት ሆፍ በ1901 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ነው።) የአሬኒየስ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ የተጋጨ ሁሉ አይለወጥም። አሮጌው ማሰሪያ ላልቶ አዲሱ እንዲታሰር መጀመሪያ የሚከፈል ኤነርጂ አለ፤ አክቲቬሽን ኤነርጂ የሚሉት እርሱን ነው፤ እኔ የመነሻ ኤነርጂ ልበለው። ያን የሚከፍል አቅም ያላቸው ሞለኪዩሎች ከብዙኃኑ መካከል እጅግ ጥቂት ናቸው። የመነሻ ኤነርጂው 50 ኪሎ ጁል በሞል የሆነ አጸግብሮት ብንወስድ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት አቅሙ ያለው ግጭት ከ820 ሚሊዮን አንድ ገደማ ነው። በ30 ዲግሪ ከ420 ሚሊዮን አንድ ገደማ ይሆናል። አያችሁት? አማካዩ ሞለኪዩል ብዙም አልተለወጠም፤ ጥቂቶቹ ግን እጥፍ ሆኑ። ሥራውን የሚሠሩት ደግሞ ጥቂቶቹ ናቸው። (አቅሙ ኖሮም አቀማመጡ ካልገጠመ ግጭቱ ከንቱ ነው፤ ቁልፍ በጀርባው ቢገፋ በር እንደማይከፍት።)

ደገኛ ሁሉ የሚያውቀው ሌላ ምስክር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጅቡቲ ባሕር ዳር 100 ነው። የስምንት ዲግሪ ልዩነት ምን አላት ትሉ ይሆናል። የመነሻ ኤነርጂው 50 ኪሎ ጁል ለሆነ አጸግብሮት እንኳ ይህቺ ስምንት ዲግሪ ፍጥነቱን በ1.4 ጊዜ ትለውጠዋለች፤ ኤነርጂው ከዚያ ከበለጠ ልዩነቱም ይበልጣል። ደጋ ላይ ባቄላ ጥዳ እንጨት የምትፈጅ እናት እሳቱን ብታንቀለቅለው ምንም አታመጣም፤ ውሃው ከ92 አልፎ አይሞቅም፤ እንፋሎት ብቻ ይወጣል። ክዳኑ የሚጠብቀው የግፊት ድስት የሚረዳትም እንፋሎቱን አፍኖ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ ስለሚያስችል ነው። በዚህ ላይ ተማሪዎችን የቤት ሥራ ስጧቸው፤ እናቶቻቸውን ጠይቀው ይምጡ።

ስለ መነሻ ኤነርጂ ሳስተምር የምወስዳቸው ወደ ጣርማ በር ነው። በሐሳብ ማለቴ ነው እንጂ መኪናማ የለንም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ከዚያ በጣም ዝቅ ብላ ወደ 1,300 ሜትር ግድም። መድረሻው ከመነሻው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉዞው ቁልቁለት ይመስላል። ይሁን እንጂ ከደብረ ብርሃን የተነሣ ሰው መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን የጣርማ በር ጫፍ ሳያልፍ ቁልቁለቱን አያገኘውም። ሙቀት የሚሰጡ አጸግብሮቶችም እንዲሁ ናቸው። እንጨት ሲነድ ሙቀት ይሰጣል፤ ግን መጀመሪያ ክብሪት ይፈልጋል። ስኳር ከኦክሲጅን ጋር ቢዋሐድ ብዙ ሙቀት ይሰጣል፤ ግን ስኳሩ ማስቀመጫው ውስጥ ዓመት ቢቀመጥ አይቃጠልም። አልማዝ በክፍላችን ሙቀትና ግፊት ወደ ግራፋይት ቢለወጥ ወደ ዝቅታው መሄዱ ነበር፤ ሆኖም የጣት ቀለበት ላይ ያለ አልማዝ እርሳስ ሆኖ አያውቅም። ዳገቱ አላሳለፈውም።

ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ የአዲስ አበባ ደሴን መንገድ ሲሠሩ ጣርማ በር ላይ ተራራውን ሸንቁረው ዋሻ አወጡ። ካታሊስት ማለት ያ ዋሻ ነው። ደብረ ብርሃን ከቦታዋ አልተነሣችም፤ ሸዋ ሮቢትም። በመካከላቸው ያለው የከፍታ ልዩነት አንዲት ሜትር አልተቀነሰም። የተቀነሰው የሚወጣው ዳገት ብቻ ነው። ደግሞም ዋሻው ወደ ሸዋ ሮቢት ለሚወርደው ብቻ ሳይሆን ወደ ደብረ ብርሃን ለሚመለሰውም ያገለግላል፤ ስለዚህ ካታሊስት ወደፊት የሚሄደውንም ወደኋላ የሚመለሰውንም አጸግብሮት እኩል ያፋጥናል፤ ሚዛኑን ግን አይለውጥም። ፈተና ላይ በየዓመቱ ነጥብ የሚጠፋበት ይኼ ነው። ምሳሌው አንድ ጉድለት አለው። ዋሻ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ካታሊስት ግን ከሚለወጡት ነገሮች ጋር ይያያዛል፣ ይሠራል፣ ከዚያ ተመልሶ ነፃ ይወጣል። «ካታሊስት በአጸግብሮቱ አይሳተፍም» የሚለውን ከየደብተሩ ብታስፍቁልኝ ደስ ይለኛል። ይሳተፋል፤ አያልቅም እንጂ።

ስሙን በ1835 ያወጣው በርሴሊየስ ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1823 ጀርመናዊው ዶበራይነር ሃይድሮጅን ጋዝ በፕላቲነም ላይ ሲነፋበት ያለ ክብሪት ሲቀጣጠል አይቶ ነበር። ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ተቀላቅለው በክፍል ሙቀት ዓመታት ቢቀመጡ ምንም የማይሉ ጋዞች መሆናቸውን ካሰብን የሚያስደንቅ ነው።

እንግዲህ ወደ ሊጡ። «እርሾ ካታሊስት ነው» ብሎ መመለስ ቀላል ነበር፤ ልክ ግን አይደለም። እርሾ ውስጥ ያሉት ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ተሐዋስያን ናቸው፤ ካታሊስቶቹ በውስጣቸው ያሉት ኤንዛይሞች ናቸው። ተሐዋስያኑ የጤፉን ስኳር ይበላሉ፣ አሲድና ጋዝ ያወጣሉ፣ ይራባሉም። በክረምት ቅዝቃዜ ሁለት ነገር ይዘገያል ማለት ነው፦ ኤንዛይሞቹ የሚሠሩት ሥራና የተሐዋስያኑ መራባት። ስለዚህ «በ10 ዲግሪ እጥፍ» የምትለዋ ልማድ እዚህ ላይ እንደ ሕግ አትያዝም። ደግሞ እንደ ተራ አጸግብሮት ሙቀት በጨመረ ቁጥር አይፈጥንም። ሊጡን ምድጃ ላይ ብታስቀምጪው፣ እሰይ ደረሰልኝ ከማለት ይልቅ ተሐዋስያኑ ይሞታሉ፣ ኤንዛይሞቹ ይበላሻሉ፣ ኩፍ የሚል ነገር አይኖርም። ብልህ ባለሙያ በክረምት እርሾ ጨመር የምታደርገው ሌላውን ቁልፍ ስለምታውቅ ነው፤ ሥራው የሚጀመረው በብዙ ሠራተኛ ነዋ። ሊጡን ምድጃ አጠገብ ወዳለው ሞቃት ጥግ ጠጋ ማድረግም አለ። ይህች ሴት «ኮንሰንትሬሽን» አትልም፤ ግን ሁለቱንም ነገር በእጇ ታውቃለች። ጠላ ጠማቂም ብቅል የምትጨምረው በበቀለው እህል ውስጥ የተፈጠሩት ኤንዛይሞች የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ስለሚለውጡላት ነው።

ስለ ገጽ ስፋት ብዙ አልልም፤ ፍልጥና ጭራሮ ያቀጣጠለ ሁሉ ያውቀዋል። ጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽ አለው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ወደሆኑ 1,000 ኩቦች ብንቆርጠው 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጥቂት ነገር ላክልበት። አየር ላይ የበነነ ዱቄት በዚሁ ምክንያት ሊፈነዳ ይችላል። በ1878 አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ አንድ ትልቅ የዱቄት ፋብሪካ በብናኝ ፍንዳታ ፈርሶ 18 ሰዎች ሞተዋል። ወፍጮ ቤት ለሚላላኩ ልጆች በብናኝ መካከል ክብሪት እንዳይጭሩ ንገሯቸው።

ፍጥነትና ሚዛን ሲጣሉ ማየት የሚፈልግ የአሞኒያን ታሪክ ይመልከት። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን። አጸግብሮቱ ሙቀት ስለሚሰጥ ሚዛኑ የሚወደው ቅዝቃዜን ነው፤ በቅዝቃዜ ግን ፍጥነቱ ከመቆም አይለይም። የናይትሮጅን አቶሞች እርስ በርስ የታሰሩበት ማሰሪያ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ዳገቱ አይጣል ነው። ቢያሞቁት ይፈጥናል፣ ግን የሚገኘው አሞኒያ ያንሳል። ፍሪትዝ ሃበር በ1909 በቤተ ሙከራ አሳየ፤ ካርል ቦሽና ባልደረቦቹ ወደ ፋብሪካ አሸጋገሩት፤ በ1913 ጀርመን ኦፓው ላይ ማምረት ተጀመረ። የተስማሙበት መፍትሔ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሙቀት፣ ከመቶ በላይ የከባቢ አየር ግፊት፣ እንዲሁም ብረትን መሠረት ያደረገ ካታሊስት ነው። ያን ካታሊስት ለማግኘት በሺህ የሚቆጠሩ ሙከራዎች ተደርገዋል። እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ ማለት ነው፤ «ይሆናል ወይ?» እና «መቼ ይሆናል?»። ለአንደኛው የተሰጠ መልስ ለሌላው አይሠራም።

«ዕቃ የለንም» የሚለውን ሰበብ አውቀዋለሁ። እውነት ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤት የለውም። ግን የእንቁላል ቅርፊትና አቼቶ የማይገኝበት ወረዳ እስቲ ንገሩኝ። ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አቼቶ ውስጥ ሲገባ ጋዝ እየሰጠ አረፋ ያወጣል። እኩል ክብደት ያለው አንዱ ቅርፊት ሙሉውን፣ ሌላው በሙቀጫ ተወቅጦ። አንዱ አቼቶ እንዳለ፣ ሌላው በውሃ ተቀጥኖ። አንዱ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በያዘ ሳህን ውስጥ፣ ሌላው በቀዝቃዛ ውሃ። ሰዓቱን ከስልካችሁ ላይ ያዙ። አንድ ነገር ብቻ ለዋውጡ፤ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆይ። ሙቀቱንም ውፍረቱንም ባንድ ጊዜ የቀየረ ሰው ምን እንዳፋጠነው ሊያውቅ አይችልም፤ ልጆች ይህን ቶሎ ይዘነጉታል።

ለካታሊስት ደግሞ ቁስል የሚታጠብበት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከመድኃኒት ቤት ትንሽ ግዙ፤ ሦስት በመቶ የሆነው ይበቃል። ለብቻው ብርጭቆ ውስጥ ሲቀመጥ ምንም የሚያደርግ አይመስልም። የጣት ጫፍ የምታህል ጥሬ ጉበት ጣሉበት፤ ወዲያው ነጭ አረፋ ግንፍል ይላል። ጉበቱ ውስጥ ያለው ካታሌስ የሚባለው ኤንዛይም ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክሲጅን ሲበትነው ነው። የጋመ ጭራሮ ወደ አረፋው ብታስጠጉ ደመቅ ብሎ ይነዳል። ከዚያ ያንኑ የሚያህል የተቀቀለ ጉበት በሌላ ብርጭቆ ሞክሩ፤ ዝም ነው። ለምን እንደሆነ ልጆቹ እስኪናገሩ ጠብቁ፤ ሊጥ ምድጃ ላይ ያስቀመጠች እናት ያላት ልጅ ትቀድማቸዋለች። ጠርሙሱን ስትገዙ የተጻፈበትን ቀን ሳታዩ አትውሰዱ። ፐርኦክሳይድ ማንም ሳይነካው በዝግታ ራሱን ይበትናል፤ ብርሃን ስለሚያፋጥነውም ነው በጥቁር ጠርሙስ የሚሸጠው።